ፕሌይኦፍ ማን ይግባ? ማንስ በሜዳው ይጫወት? የኤንኤፍኤል ደንቦችን ለማነጻጸር የሚረዳ መመሪያ

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ በኤንኤፍኤል፣ የሚኒሶታ ቫይኪንግስ በ2024 የውድድር ዘመን ካደረጋቸው 17 ጨዋታዎች 14ቱን አሸነፈ። የሎስ አንጀለስ ራምስ ያሸነፈው 10 ብቻ ነው። ዋንጫው የሚወሰንበት የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ፕሌይኦፉ፣ ሲጀመር ግን ባለሜዳው ራምስ፣ እንግዳው ቫይኪንግስ ሆነ። በሎስ አንጀለስ በተነሳው ሰደድ እሳት ምክንያት ጨዋታው ወደ አሪዞና ተዛወረ። የባለሜዳነቱ መብት ግን ከራምስ አልተነሳም። ራምስ 27 ለ 9 አሸነፈ። ቫይኪንግስ 14 ድሉን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ይሄ ተገቢ ነው? የሚኒያፖሊስ ደጋፊ "በፍጹም" ይላችኋል። ሌላው ደግሞ "ታዲያ ምድቡን ለምን አላሸነፈም?" ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ የእኛንም ሰው ይነካል። ሚኒያፖሊስ፣ ሲያትል፣ ዳላስ፣ ዴንቨር፣ ዲሲና አካባቢው ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ከተሞች ናቸው። ሁሉም ቡድን አላቸው። እዚያ ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ የዚህ ጨዋታ ደጋፊ ሆነዋል። እናትና አባት ግን የፕሪሚየር ሊግን ሰንጠረዥ እንጂ የዚህን ሊግ አሠራር አይከታተሉም። ይህ ጽሑፍ ለሁለቱም ነው። አማራጮቹን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የኔንም አቋም አልደብቅም። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመነሻው አንድ ነገር እንለይ። በዚህ ክርክር ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ ይደባለቃሉ። አንዱ "ማን ይግባ?" ነው። ሌላው "ከገቡት ውስጥ ማን በሜዳው ይጫወት?" ነው። ለአንዱ የሚሠራ መልስ ለሌላው ላይሠራ ይችላል። እኔ እስከምረዳው ድረስ አብዛኛው ጭቅጭቅ የሚመጣው ሁለቱን ባንድ መልስ ለመጨረስ ከመሞከር ነው።

አሁን ያለው አሠራር

ሊጉ 32 ቡድኖች አሉት። ኤኤፍሲ እና ኤንኤፍሲ በሚባሉ ሁለት ኮንፈረንሶች እኩል ይከፈላሉ። በእያንዳንዱ ኮንፈረንስ አራት ምድቦች አሉ፤ አሜሪካኖቹ ዲቪዥን ይሏቸዋል። በአንድ ምድብ አራት ቡድን አለ። ይህ አከፋፈል ከ2002 ጀምሮ የጸና ነው።

ከእያንዳንዱ ኮንፈረንስ ሰባት ቡድን ፕሌይኦፍ ይገባል። አራቱ የምድብ አሸናፊዎች ናቸው፤ ውጤታቸው ምንም ይሁን ምን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ያለውን ደረጃ ይይዛሉ። ከቀሩት ውስጥ ጥሩ ውጤት ያላቸው ሦስት ቡድኖች ዋይልድ ካርድ ተብለው ከ5ኛ እስከ 7ኛ ይቀመጣሉ። 1ኛው የመጀመሪያውን ዙር አርፎ ያልፋል። 2ኛው 7ኛውን፣ 3ኛው 6ኛውን፣ 4ኛው 5ኛውን በሜዳው ያስተናግዳል። እንደ ሻምፒየንስ ሊግ ደርሶ መልስ የለም። አንድ ጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይሰናበታል። የሜዳው ጉዳይ ይህን ያህል የሚያጣላው ለዚህ ነው።

ሦስቱ አማራጮች

አንደኛው አማራጭ ያለውን እንዳለ መተው ነው። ሁለተኛውን ዲትሮይት ላየንስ በ2025 ለሊጉ አቅርቦት ነበር። የምድብ አሸናፊ መግባቱ ይረጋገጥለት፤ ደረጃው ግን በውጤቱ ይወሰን ይላል። በዚህ ከሄድን የተሻለ ውጤት ያለው ዋይልድ ካርድ ከምድብ አሸናፊ በላይ ሊቀመጥ ይችላል። ሦስተኛው ምድብን ጨርሶ ይተዋል። ከየኮንፈረንሱ ብዙ ያሸነፉት ሰባት ቡድኖች ይግቡ፤ ደረጃቸውም እንደዚያው ይሁን ይላል።

ብዙ ደጋፊ ስሜቱ ወደ ሦስተኛው ይወስደዋል። ብዙ ያሸነፈ ይግባ፤ አለቀ። ይህን ቀላል መልስ የሚያወሳስበው የጨዋታ መርሐ ግብሩ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል።

በፕሪሚየር ሊግ ሁሉም ከሁሉም ጋር በሜዳውና ከሜዳው ውጭ ይጫወታል። ሰንጠረዡ የሚታመነው ለዚህ ነው። በኤንኤፍኤል ይህ አይቻልም፤ 32 ቡድን አለ፣ ጨዋታው ደግሞ 17 ብቻ ነው። አንድ ቡድን ከምድቡ ሦስት ተቀናቃኞች ጋር ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫወታል፤ ይህ 6 ነው። ከራሱ ኮንፈረንስ ከአንድ ሌላ ምድብ ጋር 4፣ ከሌላው ኮንፈረንስ ከአንድ ምድብ ጋር ሌላ 4 ይጨምራል። የቀሩት 3 ጨዋታዎች ባለፈው ዓመት በየምድባቸው ተመሳሳይ ደረጃ ከያዙ ቡድኖች ጋር ናቸው።

ይህ ምን ማለት ነው? የአንድ ምድብ አራቱ ቡድኖች ከ17 ጨዋታ በ14ቱ የሚገጥሙት ወይ እርስ በርስ ነው፣ ወይ ያንኑ ተጋጣሚ ነው። ስለዚህ በምድብ ውስጥ ማን ይበልጣል ለሚለው ሰንጠረዡ ጥሩ ዳኛ ነው። ከምድብ ወደ ምድብ ስታነጻጽሩ ግን ዳኝነቱ ይላላል። አንዱ ደካማ ምድቦች ደርሰውት 11 ሊያሸንፍ ይችላል። ሌላው ጠንካሮቹ ደርሰውት በ9 ሊቀር ይችላል።

የቫይኪንግስን ነገር በዚህ ዓይን እንየው። ዲትሮይት ላየንስ ያን ዓመት 15 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። ቫይኪንግስን ሁለቴ ገጥሞ ሁለቴም አሸንፎታል፤ 31 ለ 29 እና 31 ለ 9። ስለዚህ ምድቡን ላየንስ መውሰዱ አያከራክርም። የቫይኪንግስ ሦስተኛ ሽንፈትስ ከማን ጋር ነበር? ከዚያው ከራምስ ጋር፣ ጥቅምት ወር ላይ፣ 30 ለ 20። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ራምስ 10 ብቻ ያሸነፈ ቢሆንም ቫይኪንግስን ፊት ለፊት አሸንፎት ነበር። አሁን ላለው አሠራር የሚከራከሩት ከያዟቸው ማስረጃዎች ሁሉ እኔን በጣም የሚከብደኝ ይህ ነው።

አሁን ወደ ሦስተኛው አማራጭ እንመለስ። የሚደግፈው ታሪክ አለ፤ የታወቀው የ2008ቱ ነው። ኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ ኮከብ ኳርተርባኩን (ማጥቃቱን የሚመራውን ተጫዋች) ቶም ብሬዲን በመጀመሪያው ጨዋታ በጉዳት አጥቶም 11 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ፕሌይኦፍ ግን አልገባም። ሳንዲያጎ ቻርጀርስ 8 አሸንፎ 8 ተሸንፎ ምድቡን ስለወሰደ ገባ። ይባስ ብሎ 12 ጨዋታ ያሸነፈውን ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን በሜዳው አስተናግዶ በጭማሪ ሰዓት 23 ለ 17 አሰናበተው። የፓትሪየትስ ደጋፊ ቢቆጣ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ያኔ ከየኮንፈረንሱ የሚገቡት ስድስት ነበሩ። ከ2020 ጀምሮ ሰባት ሆነዋል። የዛሬው ደንብ በ2008 ቢኖር ፓትሪየትስ ሰባተኛ ሆኖ ይገባ ነበር። በ2010 ኒውዮርክ ጃያንትስና ታምፓ ቤይ በካኒርስ 10 አሸንፈው ውጭ ሲቀሩ ሲያትል 7 አሸንፎ 9 ተሸንፎ ገብቷል። በዛሬው ደንብ ከሁለቱ አንዱ ይገባ ነበር። የሰባተኛው ቦታ መጨመር "ማን ይግባ?" የሚለውን ቅሬታ አብዛኛውን አቃሎታል። የቀረው ቁስል የሜዳው ነው። ለሜዳ ጥያቄ ብሎ ምድብን ማፍረስ ደግሞ ከሚያስፈልገው በላይ መሄድ ይመስለኛል።

የሲያትልን ነገር ካነሳን ፍጻሜውንም እንናገር። ያ 7 ብቻ ያሸነፈ ቡድን የወቅቱን ሻምፒዮን ኒው ኦርሊንስ ሴንትስን በሜዳው ገጠመ። ሴንትስ 11 አሸንፎ የመጣ ነው። ሲያትል 41 ለ 36 አሸነፈ። ማርሻውን ሊንች ተጋጣሚዎቹን እያራገፈ 67 ያርድ ሲሮጥ የደጋፊው ጩኸትና ዝላይ በአካባቢው የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ላይ ተመዘገበ። ሦስተኛው አማራጭ ቢሠራበት ይህ ጨዋታ አይኖርም ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ለአንድ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ ሲያትል ያላችሁ ታውቃላችሁ።

አንድ ከተማ፣ ሁለት ዓመት

ደንብ ስትመርጡ አንድ ፈተና ስጡት። በተጠቀማችሁበት ዓመትም በተጎዳችሁበት ዓመትም ሞክሩት። ለዚህ ከዋሽንግተን የተሻለ ምሳሌ የለም። ዲሲ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ያሉ አንባቢዎች ሁለቱንም ዓመት ያስታውሳሉ።

በ2020 የዋሽንግተን ቡድን 7 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ምድቡ በሙሉ ደካማ ስለነበር ግን አንደኛ ወጣ። በደንቡ መሠረት 4ኛ ደረጃ ይዞ ታምፓ ቤይን አስተናገደ። ታምፓ 11 አሸንፎ፣ ቶም ብሬዲን ይዞ ነበር የመጣው። ዋሽንግተን 31 ለ 23 ተሸነፈ። በላየንስ ሐሳብ ቢሆን ዋሽንግተን ሰባተኛ ሆኖ ወደ ኒው ኦርሊንስ ይጓዝ ነበር። በሦስተኛው አማራጭ ደግሞ ጨርሶ አይገባም፤ ቦታው 8 አሸንፎ 8 ለተሸነፈው አሪዞና ይሆን ነበር።

በ2024 ነገሩ ተገለበጠ። የዋሽንግተኑ ቡድን ኮማንደርስ በኳርተርባኩ ጄይደን ዳንኤልስ መሪነት 12 አሸንፎ 5 ተሸነፈ። ምድቡን ግን 14 ያሸነፈው ፊላደልፊያ ወሰደ። ዋሽንግተን 6ኛ ሆኖ 10 ያሸነፈውን ታምፓን ፍለጋ ወደ ፍሎሪዳ ሄደ። በመጨረሻው ሰከንድ 23 ለ 20 አሸነፈ። ቀጥሎ ዲትሮይትን በሜዳው 45 ለ 31 አሰናብቶ እስከ ኮንፈረንስ ፍጻሜ ደረሰ።

በላየንስ ሐሳብ የዚያ ዓመት ኤንኤፍሲ ምን ይመስል ነበር? ዲትሮይት 1ኛ። ፊላደልፊያና ሚኒሶታ በእኩል 14 ድል 2ኛና 3ኛ። ዋሽንግተን በ12 ድል 4ኛ። ግሪን ቤይ በ11 ድል 5ኛ። ምድባቸውን ያሸነፉት ታምፓና ራምስ በ10 ድላቸው 6ኛና 7ኛ። የዋሽንግተን የመጀመሪያ ጨዋታ ላንዶቨር፣ ሜሪላንድ ላይ ይሆን ነበር። የምድብ አሸናፊዎቹ ሁለቱም ገብተዋል፤ ማንም ከውድድር አልወጣም። የተቀየረው ማን እንደሚጓዝ ብቻ ነው።

እኔን ያሳመነኝ ይህ ሰንጠረዥ ነው። ምድቡን ያሸነፈ ቡድን ወሮታው መግባት ነው፤ ይህ አይነካበት። ሜዳውን ግን በዓመቱ ውጤት ያግኘው። በሁለቱም ዓመት ስሞክረው ፍርዱ ይገባኛል። በ2020 ዋሽንግተን ይገባል፣ ይጓዛል። በ2024 ይገባል፣ ያስተናግዳል።

ድክመቱንም ልናገር። አንደኛውን ከላይ አንስቼዋለሁ፤ ከምድብ ወደ ምድብ ውጤት ማነጻጸር ሁሌም ትክክል አይሆንም። ሁለተኛው የመጨረሻው ሳምንት ጨዋታ ነው። ጥር 2025 ላይ ዲትሮይትና ሚኒሶታ ሲገናኙ ሁለቱም 14 አሸንፈው ነበር። ያሸነፈ 1ኛ ሆኖ ያርፋል፤ የተሸነፈ 5ኛ ሆኖ ይጓዛል። እንዲህ የሚያስጨንቅ የመደበኛ ውድድር ጨዋታ በየዓመቱ አይገኝም። በላየንስ ሐሳብ ተሸናፊው በሜዳው ይጫወት ስለነበር ጭንቀቱ ይቀንሳል። በምትኩ ግን ምድቡን ቀድሞ ያረጋገጠ ቡድን ዋና ተጫዋቾቹን አሳርፎ የሚጫወትበት ምክንያት ያንሳል፤ ደረጃው ገና አልተወሰነምና። እኔ የኋለኛው ይበልጥብኛል። ለእናንተ ያ አንድ ትልቅ ጨዋታ ከበለጠባችሁ አሁን ያለው ደንብ ይስማማችኋል።

ለምድብ ፉክክር ለምትኖሩ ሰዎችም ያለው ደንብ ይስማማል። ከዳላስ ጋር በዓመት ሁለቴ መጋጠም ለዋሽንግተን ደጋፊ ከምንም በላይ ከሆነ፣ የምድብ ዋንጫ ከነሙሉ ክብሩ መቆየት አለበት ብሎ ማመን ተገቢ ነው። ደካማ ውጤት ይዞ ምድብ ያሸነፈ ቡድን ሁልጊዜ ደካማ ነው ማለትም አይቻልም። ከ2010 እስከ 2022 ባለው ጊዜ ከግማሽ በታች አሸንፈው ምድብ የወሰዱ አራት ቡድኖች ነበሩ፤ ሲያትል በ2010፣ ካሮላይና በ2014፣ ዋሽንግተን በ2020፣ ታምፓ በ2022። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሜዳቸው አሸንፈዋል፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ተሸንፈዋል።

ጉዞ ጥሩ ቡድንን አይገድለውም የሚሉም አሉ። እውነት አላቸው። በ2020 ዋሽንግተንን ሄዶ ያሸነፈው ታምፓ፣ ቀጥሎ ኒው ኦርሊንስን፣ ከዚያ ግሪን ቤይን በየሜዳቸው አሸንፎ የሊጉን የዋንጫ ጨዋታ ሱፐር ቦውልን ወሰደ። በ2005 ፒትስበርግ፣ በ2010 ግሪን ቤይ 6ኛ ሆነው ገብተው ሻምፒዮን ሆነዋል። ይህ ግን የቡድኖቹን ብርታት እንጂ የደንቡን ትክክለኛነት አያሳይም።

ስንት ቡድን ይግባ?

እዚህ ላይ ረጅም ክርክር አያስፈልግም። በ1970 ኤንኤፍኤልና ተቀናቃኙ ሊግ ኤኤፍኤል ሲዋሃዱ የሚገቡት 8 ነበሩ። በ1978 10፣ በ1990 12፣ በ2020 14 ሆኑ። ቀጣዩ ጥያቄ 16 ይሁኑ ወይ የሚለው ነው።

የሰባተኛውን ቦታ ልምድ እዩ። ከ2020 እስከ 2024 ባሉት አምስት ዓመታት 7ኛ ሆነው የገቡ ቡድኖች በመጀመሪያው ዙር 10 ጨዋታ አድርገው ያሸነፉት አንዱን ብቻ ነው። እሱም ጥር 2024 ላይ ግሪን ቤይ ዳላስን በሜዳው 48 ለ 32 ያሸነፈበት ነው። የዳላስ ደጋፊ ያን ቀን አይረሳውም። ስምንተኛ ቢጨመር የሚመጣው ቡድን ከዚህ የባሰ ይሆናል። በዚያ ላይ 1ኛው ቡድን ዕረፍቱን ያጣል። ዛሬ 1ኛ መሆን ዋጋ ያለው ያ ዕረፍት ለአንድ ቡድን ብቻ ስለሚሰጥ ነው።

ወደ 12 መመለስስ? የ2008ቱን የፓትሪየትስ ነገር ያየ ሰው ይህን አይመኝም። 14 ይበቃል።

ውጤት እኩል ሲሆን

በእግር ኳስ የጎል ክፍያ ይታያል። እዚህ ግን የነጥብ ልዩነት ከመጨረሻዎቹ መለያዎች አንዱ ነው። በምድብ ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው የእርስ በርስ ጨዋታ ነው። ቀጥሎ በምድቡ ውስጥ የተገኘ ውጤት፣ ከዚያ ከጋራ ተጋጣሚዎች ጋር የተገኘው፣ ከዚያ በኮንፈረንሱ ውስጥ ያለው። ሁሉም እኩል ከሆነ ያሸነፏቸው ቡድኖች ምን ያህል ጠንካራ ነበሩ የሚለው ይመጣል። የመጨረሻው ሳንቲም መወርወር ነው።

አንዳንዶች የነጥብ ልዩነት ወደ ፊት ይምጣ ይላሉ። እኔ አልስማማም። የተሸነፈን ቡድን እስከ መጨረሻው ደቂቃ ለመደቆስ ያበረታታል። ተጎጂ በሚበዛበት በዚህ ጨዋታ ደግሞ ያ አደገኛ ነው። ያለው ቅደም ተከተል ደህና ነው፤ ይቆይ።

አቻ ውጤት የሚያመጣውን ጣጣ ግን ልብ በሉ። በ2021 የውድድር ዘመን የመጨረሻ ጨዋታ ሬደርስና ቻርጀርስ ተገናኙ። አቻ ቢወጡ ሁለቱም ይገባሉ፣ ፒትስበርግ ይወድቃል። ጨዋታው በጭማሪ ሰዓት ሊያልቅ ሰከንዶች እስኪቀሩት አቻ ነበር። በመጨረሻ ሬደርስ በዳንኤል ካርልሰን የ47 ያርድ ፊልድ ጎል (ኳሷን በእግር መትቶ በቋሚዎቹ መካከል በማሳለፍ የሚገኝ 3 ነጥብ) 35 ለ 32 አሸነፈ። ፒትስበርግ ገባ፣ ቻርጀርስ ቀረ። ይህ ወደ ጭማሪ ሰዓት ይወስደናል።

ጭማሪ ሰዓት፦ በጣም የተቀየረው ደንብ

ጥያቄው አንድ ነው። ሳንቲም ተወርውሮ ኳሷን መጀመሪያ ያገኘው ቡድን ነጥብ ቢያስቆጥር ሌላው ዕድል ይሰጠው ወይ?

የድሮው መልስ "አይሰጠውም" ነበር። መጀመሪያ ያስቆጠረ ያሸንፋል፤ ፊልድ ጎልም ቢሆን። ጥር 2010 ላይ ሴንትስ ቫይኪንግስን በኮንፈረንስ ፍጻሜ በዚህ መንገድ 31 ለ 28 አሸነፈ። የቫይኪንግሱ ብሬት ፋቭር በጭማሪ ሰዓት ኳስ አልነካም። በዚያው ዓመት ለፕሌይኦፍ ደንቡ ተሻሻለ፤ በ2012 ለመደበኛው ውድድርም ሆነ። መጀመሪያ ፊልድ ጎል ብቻ ከገባ ሌላው ዕድል ያገኛል፤ ተችዳውን (ኳሷን እስከ ተጋጣሚ የመጨረሻ ክልል በማድረስ የሚገኝ 6 ነጥብ) ከሆነ ግን ያልቃል።

ይህ ግማሽ መንገድ ነበር። የካቲት 2017 ላይ በተደረገው ሱፐር ቦውል ፓትሪየትስ ከ28 ለ 3 ተነስቶ አትላንታን አቻ ያዘ። የጭማሪውን ሳንቲም አሸንፎ በመጀመሪያው የማጥቃት ተራው ተችዳውን አስቆጠረና 34 ለ 28 ዋንጫውን ወሰደ። ጥር 2019 ላይ ካንሳስ ሲቲ በተመሳሳይ መንገድ በፓትሪየትስ ተሸነፈ። ኳርተርባኩ ፓትሪክ ማሆምስ ከሜዳው ጠርዝ ቆሞ ተመለከተ። ካንሳስ ሲቲ ደንቡ እንዲቀየር ሐሳብ አቀረበ፤ አልጸደቀም። ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ ጥር 2022 ላይ፣ ዕድሉ ወደ ካንሳስ ሲቲ ዞረ። ቡፋሎ ሊያሸንፍ 13 ሰከንድ ሲቀረው ካንሳስ ሲቲ አቻ አደረገው። ከዚያ ሳንቲሙ ደረሰውና 42 ለ 36 አሸነፈ። ያን ምሽት ድንቅ የነበረው የቡፋሎው ኳርተርባክ ጆሽ አለን በጭማሪ ሰዓት አንድም ኳስ አልወረወረም።

ከሁለት ወር በኋላ ባለቤቶቹ 29 ለ 3 በሆነ ድምፅ ደንቡን ቀየሩት። በፕሌይኦፍ መጀመሪያ ተችዳውን ቢገባም ሌላው ቡድን ኳሷን ያገኛል። በ2025 መደበኛው ውድድርም ይህንኑ ተከተለ፤ ጭማሪው ግን 10 ደቂቃ ብቻ ስለሆነ አቻ መውጣት አልቀረም።

ሌሎች አማራጮች አሉ። የኮሌጅ ውድድሮች እያንዳንዱን ቡድን ከተጋጣሚው 25 ያርድ መስመር ያስጀምራሉ፤ እየተራዘመ ከሄደ ከጎል መስመሩ አጠገብ የሚደረግ ባለሁለት ነጥብ ሙከራ ብቻ ይሆናል። ለተመልካች ደስ ይላል። ግን የጨዋታውን ግማሽ ይጥለዋል፤ ሙሉ ሜዳ አቋርጦ መሄድ የለም። በ2018 ቴክሳስ ኤኤንድኤም ኤልኤስዩን በሰባት ጭማሪ 74 ለ 72 ማሸነፉ የዚህን መንገድ አድካሚነት ያሳያል። ባልቲሞር ሬቨንስ በ2021 ያቀረበው ሐሳብ ደግሞ ብልሃት አለው። አንዱ ቡድን ኳሷ ከየት እንደምትጀመር ይወስናል፤ ሌላው ማጥቃት ወይም መከላከልን ይመርጣል። አንዱ ዳቦውን ቆርሶ ሌላው ድርሻውን እንደሚመርጠው ማለት ነው። ሐሳቡ አልጸደቀም፤ እኔ ግን ለወደፊቱ ሊታሰብበት ይገባል እላለሁ።

ለዛሬ የ2022ቱ ደንብ ይሻላል። ፍጹም አይደለም። ሁለተኛ የሚያጠቃው ቡድን ስንት ነጥብ እንደሚያስፈልገው አውቆ ስለሚጫወት ጥቅም አለው። የካቲት 2024 ላይ በተደረገው ሱፐር ቦውል ሳን ፍራንሲስኮ ሳንቲሙን አሸንፎ መጀመሪያ ማጥቃትን መረጠ፤ ያገኘው ፊልድ ጎል ብቻ ነው። ካንሳስ ሲቲ ምን እንደሚያስፈልገው አውቆ ተችዳውን አገባና 25 ለ 22 አሸነፈ። ያም ሆኖ ሁለቱም አጥቅተዋል፣ ሁለቱም ተከላክለዋል። የተሸነፈው ሳንቲሙን አይወቅስም።

ሐሳብ ሲቀርብ ምን እንመልከት?

ደንብ የሚቀየረው በቡድን ባለቤቶች ድምፅ ነው። ከ32ቱ 24ቱ መስማማት አለባቸው። ቁጥሩ ከባድ ነው። በግንቦት 2025 ኳርተርባክን ከኋላ እየገፉ አንድ ያርድ ማግኘትን ለማገድ ግሪን ቤይ ያቀረበው ሐሳብ 22 ድምፅ አግኝቶ ወደቀ፤ ሁለት ጎደለው። በዚያው ስብሰባ ላየንስ የደረጃ ሐሳቡን ለድምፅ ሳያቀርብ አነሳው።

በንዴት የመጣ ደንብ ብዙ አይቆይም። ጥር 2019 ላይ ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የራምስ ተከላካይ ኳሷ ሳትደርስ የሴንትስን ተቀባይ ገጨ። ዳኞቹ ዝም አሉ። ራምስ 26 ለ 23 አሸንፎ ወደ ሱፐር ቦውል ሄደ። በዚያው ዓመት እንዲህ ያለ ጥፋት በቪዲዮ እንዲታይ ተፈቀደ። አሠራሩ ግራ ስላጋባ ከአንድ ዓመት በኋላ ተተወ። በ2024 የመጣው አዲሱ የኪክኦፍ (ጨዋታ የሚጀመርበት ምት) አሠራር ግን ለአንድ ዓመት ተሞከረ፣ ተስተካከለ፣ በ2025 ቋሚ ሆነ።

የደረጃውም ጉዳይ በዚህ መንገድ ቢሄድ ደስ ይለኛል፤ ለአንድ ዓመት ይሞከር። ሙሉው የላየንስ ሐሳብ 24 ድምፅ ካላገኘ መሐከለኛ መንገድ አለ። ምድቡን ያሸነፈና ከተሸነፈው በላይ ያሸነፈ ቡድን ሜዳውን ይያዝ። በዚህ ራምስም ታምፓም በ2024 ሜዳቸውን ባልተነጠቁ ነበር፤ ስለዚህ ለቫይኪንግስና ለኮማንደርስ ደጋፊ በቂ አይደለም። እኔም ሙሉውን ብመርጥ እወዳለሁ። ግን እንደ 2022ቱ ታምፓ 8 አሸንፎ 9 የተሸነፈ የምድብ አሸናፊ፣ 12 ያሸነፈውን ዳላስን ቤቱ ድረስ የሚያስመጣበት ምክንያት አይታየኝም። ይግባ፤ ጉዞውን ግን እሱ ያድርግ።